ወንድሜና ዋርሳዬ በሰርቨር ምክንያት ተኳረፉ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ባለ ሰባት ክፍል ፔንሲዮን አለችኝ። ዕድሜዬ 41 ነው። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ትንሽ ድረ ገጽ ሠርቶልን ነበር፤ ዎርድፕሬስ የሚሉት ነው። የክፍሎቹ ፎቶ፣ ዋጋ፣ ወደ ዘጌ በጀልባ መሄድ የሚፈልግ እንግዳ የሚሞላው ቅጽ አለው፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። ትንሽ ብትሆንም ከውጭ የሚመጡ እንግዶቼ ግማሽ ያህሉ የሚያገኙኝ በእሷ ነው። ባለፈው ጥምቀት፣ ሰው በሚበዛበት ሳምንት፣ ገጹ አራት ቀን ሙሉ አልከፍት አለ። ያስቀመጥንበት ቦታ ብንደውል የሚያነሳ ጠፋ።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ፖሊ ተምሮ የወጣ ነው። "እትዬ፣ የራሳችንን ሰርቨር እንከራይ" አለኝ፤ ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር ማለቱ ነው። ውጭ ያለችው እህቴ በካርዷ እየከፈለችልን ቪፒኤስ የሚሉትን ትንሽ የኪራይ ሰርቨር ተከራየን፤ ሜሞሪው አንድ ጊጋ ነው ብሎኛል። ጠቡ የመጣው ምን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይጫንበት ሲባል ነው። ዋርሳዬ ፍሪቢኤስዲ፣ ካልሆነም አርች ሊኑክስ ይላል። ታላቅ ወንድሜ ሃያ ዓመት ቢሮ ውስጥ በኮምፒውተር የሠራ ሰው ነው፤ "ዊንዶውስ እያለ ማንም የማያውቀውን ነገር ምን አመጣው? እንዲያውም ኪራዩን ተዉትና ሪሴፕሽን ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እናድርገው" ይላል። ፔዳ አካባቢ ያለው ኮምፒውተር ቤት ውስጥ የሚሠራ የምናውቀው ልጅ ደግሞ "ኡቡንቱ ይበቃችኋል" ብሎኝ ነበር። እሁድ ቡና ላይ ነገሩ ከረረና ወንድሜ ዋርሳዬን "በእህቴ እንጀራ ልትማርበት ነው" አለው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ቤቴን አልረገጠም። ሐምሌ ላይ ደግሞ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ይሄዳል። ባለቤቴ "እናንተው ጨርሱት" ብሎ ተወው።

እኔ ከስልክና ከዎርድ ያለፈ አላውቅም። ሁለቱንም ማስቀየም አልፈልግም፤ ግን አንዱን መምረጥ አለብኝ። የቱን ልምረጥ? የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው በመጀመሪያው ልጅ በኩል ነው፣ እሱ ከከተማው ወጥቷል፤ በዚያ በኩል ግን ችግር ያለ አይመስለኝም።

ግራ የገባኝ፣ ከሽምብጥ


ግራ የገባሽ እህቴ፤

ደብዳቤሽን ስጨርስ ልቤ የቀረው "ሐምሌ" የምትለው ቃል ላይ ነው። ልጁ ሐምሌ ላይ ይሄዳል። ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ ገጹ ሌሊት ቢወድቅ ማን ይነሳለታል? እሁድ ቡናው ላይ ይህን የጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁሉም የሚያውቀውን ነው ያቀረበልሽ። ነውር የለውም፤ ሰው የሚያምነው የሚያውቀውን ነው። ነገር ግን ፔንሲዮኗ ያንቺ ናት፣ ሰርቨሩም መጨረሻ ላይ አንቺ እጅ ላይ ይቀራል።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ምን እንደሆነ በሥራሽ በኩል ላስረዳሽ። ፔንሲዮንሽ ውስጥ በር የሚከፍት፣ ማን የትኛው ክፍል እንደገባ የሚያውቅ፣ ውኃና መብራት ለሁሉም መድረሱን የሚያይ፣ ሌሊት አጥሩን የሚዞር ሰው አለሽ አይደል? የሰርቨሩ እንዲህ ያለው ሰው እሱ ነው። ድረ ገጽሽ እሱ ከሚጠብቃቸው ክፍሎች በአንዱ ያረፈ እንግዳ በይው። በርሊን ተቀምጦ የክፍልሽን ፎቶ የሚያይ ሰው ከጀርባው ዊንዶውስ ይኑር ሊኑክስ አይታየውም። ስለዚህ ዘበኛ ስትቀጥሪ የምትጠይቂውን ጠይቂ፦ ታምኖ ያድራል ወይ? ስንት ዓመት ይቆይልኛል? ደመወዙ አቅሜን አይጎዳም? እሱ ቢታመም ምትክ እዚሁ ሰፈር አገኛለሁ? እኔን ከጠየቅሽኝ ትልቁ የመጨረሻው ነው።

የሪሴፕሽኑ ላፕቶፕ ይቅር። መብራት ይጠፋል፣ የቤት ኢንተርኔት አድራሻው ይቀያየራል፣ ክፍል አራት ያለው እንግዳ ፊልም ማውረድ ሲጀምር ገጽሽ ይታነቃል። ላፕቶፑ ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ከሆነ ደግሞ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን፣ ማለትም የደኅንነት ማስተካከያ መላኩን፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል። እኔም ከዓመታት በፊት የአንድ ዘመዴን ድረ ገጽ ቁም ሳጥን ላይ በተቀመጠ ኮምፒውተር አስተናግድ ነበር። ጎርጎራ ሄጄ ሳለ መብራት ጠፍቶ መጣ፣ ኮምፒውተሩ ግን ራሱን አላስነሳም፤ የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ሦስት ቀን ተዘግቶ ከረመ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፣ የራሴው ነው።

የታላቅ ወንድምሽ ነገር ግን በላፕቶፑ ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ ስጋቱ ትክክል ነው። "ማንም የማያውቀውን አታምጡብን" ማለቱ ከእኔው ጥያቄ ጋር አንድ ነው። የሳተው መልሱ ላይ ነው። እሱ ሃያ ዓመት የሠራበት ዊንዶውስ ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው። ለሰርቨር የሚሆነው ዊንዶውስ ሰርቨር የሚባል ሌላ ዕቃ ነው፤ ፈቃዱ ስለሚገዛ ወርኃዊው ኪራይ ከፍ ይላል፣ ያንን የምትከፍለው ደግሞ በዶላር የምትደክም እህትሽ ናት። የለመደውን መስኮትና አይጥ ይዞ እንዲነሳ ቢያንስ ሁለት ጊጋ ሜሞሪ ይጠይቃል፤ ያንቺ አንድ ነው። ዎርድፕሬስ ዊንዶውስ ላይም ይሠራል፣ አልዋሽሽም፤ ግን የተጻፈበት ቋንቋ ፒኤችፒውም የመረጃ ቋቱም የለመዱት ቤት ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ሲስተም ነው፤ አርችና ኡቡንቱ የእሱ ዓይነቶች ናቸው። አንድ ሰው ተቸግሮ መፍትሔ ሲፈልግ የሚያገኛቸው ማብራሪያዎችም አብዛኞቹ ለሊኑክስ የተጻፉ ናቸው።

እዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው የሚያስፈልግ ሌላም ነገር አለ። ዊንዶውስ ሰርቨርን ከሩቅ ስትጠግኚ ብዙ ጊዜ የምታይው የስክሪኑን ሥዕል ነው፤ ሥዕሉ በኔትወርክ ይመላለሳል። ሊኑክስን የምታናግሪው በጽሑፍ ነው፣ ኤስኤስኤች በሚሉት መንገድ። የምትጽፊው አንድ መስመር፣ የሚመልስልሽ ጥቂት መስመር። ኔትወርክ በደከመበት ማታ፣ በስልክ ዳታ፣ ከስልክ ላይ ሳይቀር ሰርቨር ሊጠገን ይችላል። ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ አንዴ ቆሮሶ ጥብስ አዝዤ እስኪመጣ ድረስ ጨርሼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋርሳሽ እንምጣ። ፍሪቢኤስዲ የቀልድ ነገር አይደለም። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ የተከበረ ሥራ ነው፤ ኔትፍሊክስ ፊልሞቹን የሚያሰራጭባቸው ሰርቨሮች የሚሠሩት በእሱ ነው። ልጁ ይህን መርጦ ከሆነ ማንበቡን ያሳያል፣ ወንድምሽ እንደሚለው መፈላሰፍ አይደለም። ግን እሱ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ባሕር ዳር ውስጥ ፍሪቢኤስዲ የሚያውቅ ሰው በአንድ ቀን አፈላልገሽ ታመጫለሽ? አርች ደግሞ የሚማርበትን ሰው ያጎብዛል፤ እኔም የራሴ ላፕቶፕ ላይ አለ። ነገር ግን አዲስ ነገር በየዕለቱ የሚጨመርበት ስለሆነ የሚያድስ ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት። ሁለት ወር ረስተሽው ብታድሽው አንድ ነገር ሊበላሽና ማብራሪያ ለማንበብ ልትቀመጪ ትችያለሽ። የሚሄድ ሰው አርች ቢጭን ለጎረቤት ጥጃ ትቶ እንደመሄድ ነው፤ የሚያጠባው ማን ሊሆን ነው?

የቀሩት ዴቢያንና ኡቡንቱ ናቸው፤ ሁለቱም የሊኑክስ ዓይነቶች፣ ዘመዳሞችም ናቸው። ዴቢያን በ1993 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነው። ኡቡንቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ከእሱ ላይ ተነስቶ የወጣ ነው። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ጊጋ ላይ ያንቺን ዓይነት ትንሽ ገጽ ይሸከማሉ፤ ስዋፕ የሚባለውን መጠባበቂያ ቦታ አንድ ሁለት ጊጋ እንዲጨምርበት ብቻ ለዋርሳሽ ንገሪው። የዕድሜው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ዴቢያን 13 በኦገስት 2025 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ድጋፍ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት የማራዘሚያ ድጋፍ አለው፣ እስከ 2030 ማለት ነው። ኡቡንቱ 24.04 ኤልቲኤስ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. መደበኛ ድጋፍ አለው፤ ኡቡንቱ ፕሮ በሚባለው፣ እስከ አምስት ማሽን በነፃ በሚሰጠው አገልግሎት፣ ወደ አሥር ዓመት ይረዝማል። "ኤልቲኤስ" የሚለው ቅጥያ፣ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ማለት ነው፣ እንዳይረሳ፤ ያለዚያ ቅጥያ የሚወጣው ኡቡንቱ ዘጠኝ ወር ብቻ ነው ድጋፉ።

ሴንትኦኤስ የሚባለውን ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ጫኚ የሚል ሰው ከመጣብሽ በትህትና አሳልፊው። ስምንተኛው ዕትሙ እስከ 2029 ይቆያል ተብሎ ስንት ሰው ጫነው፤ በዲሴምበር 2020 እ.ኤ.አ. ሐሳባቸውን ቀየሩና በ2021 መጨረሻ ቆመ። አልማሊኑክስና ሮኪሊኑክስ እሱን ለመተካት የመጡ ናቸው፣ ደህና ናቸው፤ ላንቺ ግን ምርጫ ከማብዛት ያለፈ አይጨምሩልሽም።

እንግዲህ ከሁለቱ የቱ? እኔ ለራሴ ቢሆን ዴቢያን እጭናለሁ። ላንቺ ኡቡንቱ 24.04 ኤልቲኤስ ነው የምለው፤ ምክንያቴም ፔዳ ያለው ልጅ ነው። ኡቡንቱ ያለሽ ስለሚያውቀው ነው። ነሐሴ ላይ በባጃጅ ሄደሽ በሩን የምታንኳኪው ሰው እሱ ነው። ያ ልጅ ዴቢያን አውቃለሁ ቢልሽ ዴቢያን ይሁን፤ ልዩነቱ ጠብ አያስነሳም።

ግን ከመወሰንሽ በፊት የፔዳውን ልጅ በግልጽ ጠይቂው፦ "በወር አንድ ጊዜ አይተህልኝ፣ ስደውል ልታነሳልኝ ትችላለህ? ስንት ልክፈልህ?" በነፃ እንዲሠራልሽ አትለማመጪው። በነፃ የሚጠብቅ ዘበኛ ዝናብ ሲመጣ ከጣራ ስር ነው የምታገኚው። ልጁ አልችልም ካለና ሌላ ሰው ካጣሽ ደግሞ ቪፒኤሱን ትተሽ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ራሳቸው የሚጠብቁልሽ፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ያለው አስተናጋጅ ጋ ተመለሺ። ያኔ የቱ ሲስተም ይሁን የሚለው ጥያቄ ራሱ ይቀራል። ሽንፈት አይደለም። ሰባት ክፍል ላላት ፔንሲዮን የራስ ሰርቨር የግድ አይደለም፤ ይህንንም ለዋርሳሽ ከመንገርሽ በፊት አንቺ ለራስሽ ማወቅ ያለብሽ ይመስለኛል።

ከተጫነ በኋላ የሚመጡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ማኑዋል ላይ እምብዛም ስለማይገኙና የእኛ ጉዳይ ስለሆኑ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

የመጀመሪያው አማርኛሽ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዛሬ የትኛውም ሲስተም ያነበዋል። አደጋው ያለው ከአሮጌው ቦታ ወደ አዲሱ ሲዛወር ነው። የመረጃ ቋቱ አንዱ ጋ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ፣ ሌላው ጋ በሌላ አጻጻፍ ከተያዘ "እንኳን ደህና መጡ" የሚለው ሁሉ ተራ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተጻፈ ከዚያው ላይ የሚመለስበት መንገድ የለም፤ ፊደሉ ጠፍቷል። ስለዚህ አሮጌው ቦታ ከመዘጋቱ በፊት አዲሱ ላይ አማርኛውን ገጽ አንቺው ራስሽ በስልክሽ ክፈቺው። የእንግሊዝኛውን ማንም ያይልሻል፤ "ኡራ ኪዳነ ምሕረት" የሚለው በትክክል መጻፉን ግን ከቤታችሁ ሰው ካንቺ የተሻለ የሚያይልሽ የለም።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ኡቡንቱ የደኅንነት ማስተካከያዎችን በራሱ እንዲጭን ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴ ግን ጠፍቶ መነሳት ያስፈልገዋልና ልጁ ለዚያ ሰዓት ይመድብለታል። ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ። "2 ሰዓት" ብሎ ቢጽፍ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሆናል። ወንድምሽ ወረቀቱን ቢያነበው ደግሞ "ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ እንግዳ በሚበዛበት?" ብሎ ሌላ ጠብ ይነሳል። ስለዚህ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍልሽ።

የዎርድፕሬሱ ፕለጊኖች፣ በላዩ የሚገጠሙት ተጨማሪ ክፍሎች፣ ግን በዚህ አይታደሱም። ትናንሽ ድረ ገጾች ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል ሳይሆን ባልታደሰ ፕለጊን በኩል ነው፤ የማትጠቀሙበት ካለ ይጥፋ፣ የቀረው በራሱ እንዲታደስ ይደረግ።

አሁን ወደ ዋርሳሽ ኩርፊያ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ ንገሪው፦ የተኳረፈው በፍሪቢኤስዲ ነው ብለሽ ታምኛለሽ? እኔ ከደብዳቤሽ የማየው ሐምሌ ላይ ከቤተሰቡ ተለይቶ የሚሄድ ወጣት ነው፣ ከመሄዱ በፊት ለእትዬው አንድ የሚታወስ ነገር ሠርቶ ማለፍ የፈለገ። "በእህቴ እንጀራ ልትማርበት ነው" የሚለው ቃል የገባው እዚያ ነው። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ግን ቡና ላይ፣ ሁሉም ባለበት፣ ዳግመኛ አታንሺው። ብቻውን ጥሪው፣ ወይ ወደ ወደቡ በኩል በእግር ሂዱ። ምርጫሽን ከመንገርሽ በፊት ፍሪቢኤስዲን ለምን እንደወደደው ጠይቂውና አዳምጪው፤ ግማሹ ባይገባሽም። ከዚያ "አንተ ስትሄድ የሚረከበኝ ሰው ኡቡንቱ ነው የሚያውቀው፤ አንተው ጫንልኝ፣ አንተው አስረክብልኝ" በይው። እውነትም ነው። ከፍሪቢኤስዲ እስከ ኡቡንቱ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ልጅ ሥራውን ከማንም አሳምሮ ይሠራዋል።

ማስረከቡን ደግሞ እንዲህ አድርጉት። ሰኔ ሳይወጣ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሁለቱን ልጆች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። ዋርሳሽ እጁን ያጣጥፍ፤ አይነካም፣ አይናገርም። የፔዳው ልጅ በባክአፑ (በመጠባበቂያ ቅጂው) እና በተጻፈለት ማስታወሻ ብቻ ድረ ገጹን ባዶ ሰርቨር ላይ ከዜሮ ያንሳው። ለአንድ ቀን ሌላ ትንሽ ሰርቨር መከራየት ጥቂት ሳንቲም ነው። የተቸገረበት ቦታ ሁሉ ማስታወሻው ያልተሟላበት ነውና እዚያው ይጻፍ። ሲስተሙ ስንት ጊዜ ይወድቃል ብሎ ከመጨነቅ ይልቅ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ማወቅ እንቅልፍ ይሰጣል። ምሳቸውን አንቺ ቻይ።

ታላቅ ወንድምሽም ባዶ እጁን አይቅር። ጋሼ ብለሽ ደብተሩን ለእሱ ስጪው፦ ኪራዩ መቼ እንደሚከፈል፣ በማን ካርድ፣ የመግቢያው ቁልፍ እነማን ጋ እንዳለ፣ ባክአፑ ያለበት ፍላሽ የት እንደተቀመጠ። ሃያ ዓመት ቢሮ የሠራ ሰው መዝገብ መያዝ ያውቃል፤ ልጆቹ ደግሞ ይህን አይችሉም። የልጁን ስሜት በተመለከተ ግን ይቅርታ በል ብለሽ አትጫኚው። ደብተሩን ሲይዝ ልጁን መጠየቁ አይቀርም፣ ሲጠይቅ ይነጋገራሉ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ አንቺ በአንድ መስመር ያለፍሽው፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ። የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው ከከተማው በወጣው ልጅ በኩል ነው ብለሻል። በማን ስም ነው? የማደሻው ማስታወቂያ የሚሄደው ወደ ማን ኢሜይል ነው? በእሱ ስም ከሆነ፣ ኢሜይሉንም ማየት ትቶ ከሆነ፣ ሳይታደስ ጊዜው ሲያልፍ ስሙ ይለቀቃል፣ ሌላ ሰውም ሊይዘው ይችላል። ያኔ ኡቡንቱም ፍሪቢኤስዲም አይመልስልሽም። ሰርቨር ቢጠፋ ሌላ ትከራያለሽ፤ በርሊን ያለው እንግዳ የሚያውቀው ግን ያንን ስም ነው። ስልኩ ካለሽ ዛሬ ማታ ደውይለት። በመልካም ጠይቂው፣ የድካሙንም ክፈይው፤ ስሙ ወደ አንቺ፣ አንቺ ራስሽ ወደምትከፍችው ኢሜይል ይዛወር። የሲስተሙ ምርጫ እስከ ቅዳሜ ይቆያል።